ስለ ኒውግሬንጅ ጥንታዊ መቃብርና ስለ ጠባቂዎቹ

በአየርላንድ አገር ከዋናው ከተማ ከደብሊን ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያኽል ሲኼዱ፥ ቦይን የሚባለው ወንዝ እንደ ቀስት ተለምጦ የሚዞርበት ለም ስፍራ ይገኛል። አውራጃው ሚዝ ይባላል። ከወንዙ በስተ ሰሜን ባለው ከፍታ ላይ ሣር የለበሰ ታላቅ የድንጋይና የዐፈር ክምር ቆሟል፤ ፊቱ በነጭ ድንጋይ የተገነባ፥ ዠርባው ግን እንደ ተራ ጉብታ አረንጓዴ ነው። ስሙን ኒውግሬንጅ ይሉታል። ይህ ክምር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ የተሠራ የሙታን ቤት ነው። ዕድሜው ከግብጹ ታላቅ ፒራሚድ በ600 ዓመት ያኽል ይበልጣል። የሠሩት ሰዎች ጽሕፈት አያውቁም ነበርና ስማቸውንም ነገዳቸውንም ጽፈው አላለፉም።

እንዲህ ያለ ሥራ 5 ሺህ ዓመት አልፎት እስከ ዛሬ መቆሙ የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ይልቁንም ሊመረመር የሚገባው በየዘመኑ ማን እንደ ጠበቀው ነው። ታሪኩ ተስተካክሎ ሲታይ ብዙውን ዘመን የጠበቀው ፍርሀት ነበረ፤ ኋላ ሕግ ጠበቀው። በኹለቱ መካከል ግን ፍርሀቱም የጠፋበት፥ ሕጉም ያልመጣበት ረዥም ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክምሩ ከዳር እስከ ዳር 85 ሜትር ይሰፋል፤ ቁመቱም 12 ሜትር ያኽል ነው። እግሩን 97 ታላላቅ ድንጋዮች እንደ መቀነት ከበውታል፤ በብዙዎቹም ላይ ክብና ጥምዝ፥ ማዕዘን ያለውም ሥዕል ተወቅሮባቸዋል። ብረት በዚያን ዘመን በአገሩ አልታወቀም፤ ሠረገላም አልነበረም። ኹሉም የተሠራው በድንጋይ መሣሪያ፥ በእንጨትና በገመድ፥ በሰውም ትከሻ ነው። ከደጁ ወደ ውስጥ በግራና በቀኝ ድንጋይ የቆመለት ጠባብ መተላለፊያ 19 ሜትር ይኼዳል፤ መጨረሻውም ሦስት ጓዳዎች ካሉት ክፍል ያገባል። በጓዳዎቹ ውስጥ እንደ ገበታ የተፈለፈሉ ድንጋዮች ተቀምጠዋል፤ የሙታን ዐፅምና ዐመድ ያረፈው በእነዚህ ነበር። መተላለፊያውና ሦስቱ ጓዳዎች አንድ ላይ ሲታዩ በመስቀል አምሳል ናቸው፤ ነገር ግን ሥራው ከወንጌል ስብከት ከ3 ሺህ ዓመት በላይ ስለሚቀድም፥ ይህን በምሥጢር ለመተርጐም የሚቸኵል ሰው ይሳሳታል።

ከኹሉ የሚበልጠው የጣራው ሥራ ነው። ምሰሶ የለው፥ ማያያዣ ጭቃ የለው፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ፥ እያንዳንዱም ከበታቹ ካለው ጥቂት ወደ ውስጥ እየገባ፥ 6 ሜትር ከፍ ካለ በኋላ በአንድ መክደኛ ድንጋይ ተዘግቷል። የዝናም ውሃ እንዳይገባ በጣራው ድንጋዮች ላይ የውሃ መውረጃ ቦይ ተጠርቦላቸዋል፤ በድንጋዮቹም መካከል ያለው ቀዳዳ በተቃጠለ ዐፈርና ከባሕር ዳር በመጣ አሸዋ ተደፍኗል። የመቃብሩም ዕድሜ በካርቦን 14 ምርመራ የታወቀው ከዚሁ ከተቃጠለው ዐፈር ነው። ክፍሉ ዝናም በማይጠፋበት በአየርላንድ ምድር እስከ ዛሬ ደረቅ ነው። በሲሚንቶ ያሠራው ጣራ በኹለተኛው ክረምት ሲያፈስ ያየ ሹም ይህን ሲሰማ መቅናቱ አይቀርም።

ሠሪዎቹ ካለፉ በኋላ ክምሩ ቀስ በቀስ ተንዶ ደጁን ደፈነው። የት እንደ ነበረም ተረሳ። ጉብታው ግን አልተረሳም፤ ሕዝቡ ዳግዳ የሚባለው የጥንት አማልክት አለቃና ልጁ ኤንጉስ በውስጡ ይኖራሉ ብሎ ያምን ነበር። ይህንንም አፈ ታሪክ በመካከለኛው ዘመን በብራና የጻፉት የአየርላንድ ክርስቲያን መነኮሳት ናቸው። የሮማ ነገሥታት መልክ ያለባቸው የወርቅ ሳንቲሞችና ጌጦች ከደጁ አጠገብ በዐፈር ውስጥ ተገኝተዋል፤ ሮማውያን ግን አየርላንድን ገዝተው አያውቁም። ከሩቅ የመጣ ሰው ለቦታው መሥዋዕት አድርጎ ያኖረው ነው ተብሎ ይታሰባል።

በ1142 ሲስቴርሲያን የሚባለው ማኅበር መነኮሳት በአቅራቢያው የሜሊፎንትን ገዳም መሠረቱ። በቦይን ዳር ያለውም ምድር የገዳሙ ርስት ኾነ። ገዳማውያኑ እህል የሚያመርቱበትን የእርሻ ጣቢያ ግሬንጅ ይሉት ስለ ነበር፥ ኒውግሬንጅ ማለት አዲሱ የገዳም እርሻ ማለት ነው። እንግዲህ ይህ የአረማውያን መቃብር ዛሬ የሚጠራው መነኮሳት ባወጡለት ስም ነው። መነኮሳቱ በኒውግሬንጅ ዙሪያ ሲያርሱ ክምሩን አላፈረሱትም። ናውዝ በሚባለው በጐረቤቱ ታላቅ ጉብታ ላይ ግን የእርሻ ቤቶች ሠርተውበት ነበርና፥ ኹሉን ባንድ ቃል ማመስገን አይቻልም።

ከገዳሙ ውጭ ያለውም ባላገር ከእንዲህ ካለ ጉብታ ድንጋይ የሚያነሣ ሰው መቅሠፍት ያገኘዋል ብሎ ይፈራ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዲህ ያለውን ከንቱ እምነት አይቀበለውም፤ ለድንጋዩ ግን በጅቶታል። ዐዋጅ ሳይታወጅ፥ ዘብ ሳይቆም፥ ደመወዝ ሳይከፈል አራት ሺህ ከሚበልጥ ዓመት በላይ ተጠበቀ።

የሜሊፎንት ገዳም በ1539 ተዘጋና ርስቱ ለዓለማውያን ሰዎች ተላለፈ። በ1699 ምድሩን የያዘው ቻርልስ ካምቤል የሚባል ሰው ድንጋይ ስላስፈለገው ሠራተኞቹን ወደ ጉብታው ሰደደ። ጉብታውን የሚያከብረውም የሚፈራውም የድሮው ልማድ በእርሱ ዘንድ ዋጋ አልነበረውም። ሠራተኞቹ ድንጋዩን እያነሡ ሳሉ ጥምዝ የተወቀረበትን የደጁን ድንጋይ አገኙ፤ ከኋላውም የመቃብሩ መተላለፊያ ተገለጠ። በኦክስፎርድ የአሽሞሊያን ቤተ መዘክር ጠባቂ የነበረው ኤድዋርድ ልዊድ በዚያው ዓመት አገሩን ይጐበኝ ነበርና ደርሶ አየ፤ ያየውንም ለወዳጆቹ በደብዳቤ ጻፈ። በዚህ ምክንያት የኒውግሬንጅ ዝና በሊቃውንት ዘንድ ተሰማ።

ከዚያ ወዲያ የመቃብሩ ደጅ ክፍት ኾነ። የፈለገ ሰው ጧፍ ይዞ ይገባ ነበር፤ ከገቡትም ብዙዎቹ ስማቸውን በግድግዳው ድንጋይ ላይ ቀረጹ፥ ጽሕፈታቸውም እስከ ዛሬ ይነበባል። በገበታዎቹ ላይ ከነበረው ዐፅም ብዙው ተበተነ። ሊቃውንቱም ሥራው የማን እንደ ኾነ ሲከራከሩ፥ ከፊሉ ለዴንማርክ ሰዎች፥ ከፊሉ ለፊንቄ ነጋዴዎች ሰጡት፤ የአየርላንድ ባላገር አባቶች ሠርተውታል ብሎ ለማመን ብዙዎቹ ልባቸው አልፈቀደም። ታላቁ ዚምባብዌ የሚባለውም የድንጋይ ከተማ ለአፍሪካ ሰዎች ሥራ አይገባም ተብሎ ብዙ ዘመን ለሌላ ሕዝብ ሲሰጥ እንደ ኖረ የታወቀ ነው። አገሩን በኃይል የያዘ ወገን የአገሩን ቅርስ ለባለ አገሩ መስጠት ይከብደዋል።

ኾኖም ኒውግሬንጅ ከጐረቤቱ ከዳውዝ ጋራ ሲነጻጸር ዕድለኛ ነው። ዳውዝ ከኒውግሬንጅ ጋራ በመጠን የሚተካከል፥ በዘመንም የሚቀራረብ ጉብታ ነው፤ በምዕራብ ጎኑም ኹለት የመቃብር ክፍሎች አሉት። በ1847 የአየርላንድ ንጉሣዊ አካዳሚ ጉብታውን ሊመረምር ተነሣ። ያ ዓመት ድንቹ በበሽታ ተመትቶ የአገሩ ሕዝብ በረኃብ የሚያልቅበት፥ የቀረውም በመርከብ የሚሰደድበት ጊዜ ነበረ። አካዳሚው የአገሩ ታላላቅ ሊቃውንት ማኅበር ነው፤ ሐሳቡም ክፉ አልነበረም። በኒውግሬንጅ እንደ ታየው ያለ ታላቅ ክፍል በዳውዝም መካከል ተሰውሮ ይኾናል ብለው ተስፋ አደረጉ። ከጎኑ ዠምረው ወደ መካከሉ ቈረጡት፤ የጉብታውን ራስ ከፍተው ታላቅ ጕድጓድ አደረጉት። የፈለጉትን ክፍል ግን በመካከሉ አላገኙም። ያፈረሱትንም ድንጋይ ወደ ቦታው ሳይመልሱት፥ ጕድጓዱን ሳይሞሉት ተዉት።

ይህ ነገር ቆም ተብሎ ሊታሰብ የሚገባው ነው። ቅርስ የሚያጠፋው መሀይም ብቻ ነው፥ ዕውቀት ሲስፋፋ ጥፋቱ ይቀራል የሚል አስተያየት በየመሥሪያ ቤቱ ይሰማል። በዳውዝ ግን መሀይሙ ባላገር በ5 ሺህ ዓመት ያላደረሰውን ጉዳት የተማሩ ሰዎች በዕውቀት ፍቅር ተነሣሥተው በአጭር ጊዜ አደረሱት። ያን ጊዜ የሚከለክላቸው ሕግ፥ የሥራቸውን ዐቅድ መርምሮ ፈቃድ የሚሰጥ ወይም የሚነሣ ሹም ስላልነበረ፥ የጉብታው ዕጣ በእነርሱ በጎ ሐሳብና በትዕግሥታቸው ልክ ኾነ። ትዕግሥታቸውም አነሰ።

ሕጉ በብዙ ክርክር ዘግይቶ መጣ። ጆን ለቦክ የሚባለው የእንግሊዝ ምክር ቤት አባል ከ1873 ዠምሮ የጥንት ሐውልቶች ጥበቃ ረቂቅ እያቀረበ፥ የመሬት ባለቤቶችም የርስታችን መብት ይነካል እያሉ ደጋግመው ጣሉት። በመጨረሻ በ1882 ተፈቀደ። አየርላንድ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ስለ ነበረች ሕጉ ለእርሷም ወጣ፤ ከሕጉ ጋራ በተያያዘው ዝርዝርም ኒውግሬንጅ፥ ናውዝና ዳውዝ በስማቸው ተጻፉ። እንግዲህ የመቃብሩ ደጅ ከተከፈተበት ከ1699 እስከዚህ ድረስ 183 ዓመት ያለ ጠባቂ አልፏል ማለት ነው።

ይኸውም ሕግ ቢኾን ደካማ ነበር። ባለ ርስቱ ፈቅዶ ሐውልቱን ለመንግሥት ጥበቃ ካልሰጠ በቀር፥ እርሱ ራሱ ቢያፈርሰው የሚጠየቅበት ነገር አልነበረም፤ ቅጣቱ ለሌላው ሰው ብቻ ነበር። አየርላንድ ራሷን ከቻለች በኋላ በ1930 የብሔራዊ ሐውልቶች ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ኾነ፤ ከምድር ዕቃ ያገኘ ሰውም እንዲያስታውቅ ግዴታ ተጣለበት። የዳውዝ ጕድጓድ ከተቆፈረ 83 ዓመት አልፎት ነበር።

በአገራችንም በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርን ይከለክላል። ነገር ግን በመንዝና በአካባቢው ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ የመቃብር ክምሮች በእርሻ መካከል ይገኛሉ። ለመንገድና ለቤት ሥራ ድንጋይ የሚፈለግበት ጊዜ ስለ ኾነ፥ የካምቤል ሠራተኞች ታሪክ ለወረዳ ሹም የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ወደ ኒውግሬንጅ ስንመለስ፥ ከ1962 እስከ 1975 የኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መምህር ፕሮፌሰር ማይክል ኦኬሊ በፈቃድና በሥርዐት ቆፈሩት። ሥራው በየበጋው ጥቂት በጥቂት ይኼድ ነበር። ከደጁ በላይ እንደ መስኮት ያለ ጠባብ የድንጋይ ሣጥን ተገኘ፤ ለምን እንደ ተሠራ ግን በፊት አልታወቀም። በአገሩ ሽማግሌዎች ዘንድ በዓመት አንድ ጊዜ የፀሐይ ብርሃን እስከ መቃብሩ ውስጥ ይገባል የሚል ወሬ ነበረ። ኦኬሊ በመዠመሪያ ወሬው በእንግሊዝ አገር ካለው ከስቶንሄንጅ ጋራ ተምታቶ የመጣ መስሏቸው ነበር፤ ቢኾንም ሳይንቁ ሊመረምሩት ፈለጉ። ሌሊቱ እጅግ በሚረዝምበት ወራት፥ በዲሴምበር 21 ቀን 1967፥ በእኛ ታኅሣሥ 11 ቀን 1960 ዓ.ም. ማለት ነው፥ ከመንጋቱ በፊት ብቻቸውን ገብተው በጨለማው ውስጥ ተቀመጡ። ፀሐይ ከወጣች ከ4 ደቂቃ ያኽል በኋላ ከደጁ በላይ ባለው ሣጥን በኩል እንደ ክር የቀጠነ ጨረር ገብቶ በመተላለፊያው ወለል ላይ እየተሳበ እስከ ውስጠኛው ክፍል ደረሰ፤ ክፍሉም ጣራው እስኪታይ ድረስ በራ። ብርሃኑ 17 ደቂቃ ያኽል ይቈያል።

የሰማዩ ነገር ደግሞ በ5 ሺህ ዓመት ውስጥ ጥቂት ተለውጧል። የምድር ዘንበል ማለት ስለ ቀነሰ ጨረሩ ዛሬ የመጨረሻውን ግድግዳ አይነካም፤ በሠሪዎቹ ዘመን ግን ፀሐይ ገና ስትወጣ እስከዚያ ይደርስ እንደ ነበር በስሌት ታውቋል። መቅደስን ወደ ምሥራቅ ለሚያቀና፥ በባሕረ ሐሳብም በዓላትንና አጽዋማትን ለሚቈጥር ሊቅ የዚህ ሥራ ክብደት ብዙ ማስረዳት አያሻውም፤ መተላለፊያው 19 ሜትር ወደ ዳገት ሲወጣ፥ ደጁም ሣጥኑም ከፀሐይ መውጫ ጋራ እንዲገጥም አድርገው ያቆሙት መጽሐፍ የሌላቸው ገበሬዎች ናቸው።

ከቁፋሮው በኋላ የተሠራው የጥገና ሥራ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በደጁ ፊት ከደቡብ ከዊክሎው ተራሮች የመጣ ኳርትዝ የተባለው ነጭ ድንጋይ በብዛት ወድቆ ተገኝቶ ነበር። ኦኬሊ ድንጋዩ ከፈረሰ ግድግዳ የወደቀ ነው አሉ፤ ይህንንም ለማረጋገጥ ግድግዳ አሠርተው እንዲፈርስ አድርገው አወዳደቁን ተመለከቱ። ከዚያም ነጩ ግድግዳ በውስጡ በብረት በተደገፈ ሲሚንቶ ተደግፎ ቆመ። ሌሎች ሊቃውንት ድንጋዩ በመሬት ላይ የተነጠፈ እንጂ የቆመ ግድግዳ አልነበረም ይላሉ። ደጁን ከግራና ከቀኝ ወደ ውስጥ ያስገባው ጥቁሩ ግንብ ደግሞ ጐብኚዎች እንዲያልፉ በዘመናችን የተጨመረ ነው። ከዚያው 1 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቆ በናውዝ ፕሮፌሰር ጆርጅ ኦገን ከ1962 ዠምረው ብዙ ዓመት ቆፍረው ነጩን ድንጋይ በተገኘበት በመሬቱ ላይ አንጥፈው አስቀሩት። አንድ ዓይነት ድንጋይ በአንድ ስፍራ ግድግዳ፥ በሌላው ምንጣፍ ኾኖ ይታያል። የናውዝ አሠራር ለዐይን ያነሰ ቢኾንም ለጥንቃቄ ይበልጣል፤ የተነጠፈውን ድንጋይ ኋላ ያለ ችግር ማንሣት ይቻላል፥ በሲሚንቶ የታሰረውን ግን ማንሣት ሌላ ማፍረስ ነውና።

በቁፋሮው የአምስት ሰዎች ያኽል ዐፅም ተገኝቷል፤ ከፊሉ የተቃጠለ፥ ከፊሉ ያልተቃጠለ ነው። ከዚህ የአንዱ ወንድ ዐፅም በደብሊን በሚገኘው በትሪኒቲ ኮሌጅ በዲ ኤን ኤ ተመርምሮ ውጤቱ በ2020 ታተመ። ወላጆቹ የቅርብ ሥጋ ዘመዶች፥ ወንድምና እኅት ወይም ወላጅና ልጅ እንደ ነበሩ ተገኘ። መርማሪዎቹ በግብጽ ፈርዖኖች ቤት የነበረውን ልማድ አስታውሰው፥ ይህ ሰው ከተለየ የገዢዎች ወገን የተወለደ ይኾናል አሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ከአንድ ዐፅም ተነሥቶ ንጉሥና መንግሥት ማቆም ፍርድ መቸኰል ነው ብለው በ2025 ጽፈዋል፤ ክርክራቸውም ሚዛን የሚደፋ ይመስላል።

ሦስቱ ጉብታዎችና ዙሪያቸው ያለው ምድር በ1993 በዓለም ቅርስ መዝገብ ብሩ ና ቦይኒያ በሚል ስም ተጻፉ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ፈተና የሚዘርፍ ሰው ሳይኾን የሚወድ ሰው ብዛት ነው። በጠባቡ መተላለፊያ የሚያልፈው ሕዝብ በትከሻው ድንጋዩን ያሻሸዋል፤ ትንፋሹም ደረቁን ክፍል ያረጥበዋል። ስለዚህ በ1997 ከወንዙ ማዶ የጐብኚዎች መቀበያ ቤት ተከፈተ፤ ጐብኚው በእግር ድልድይ ተሻግሮ፥ በመንግሥት አውቶቡስ ተሳፍሮ፥ ከጥቂት ሰዎች ጋራ በሰዓቱ ይገባል እንጂ በገዛ መኪናው እስከ መቃብሩ አይደርስም። ብርሃኑ የሚገባበትን ንጋት ለማየት በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ያመለክታሉ፤ የሚገቡትም በዕጣ የደረሳቸው ጥቂቶች ናቸው። ዕጣ የደረሰውም ሰው ቢኾን ሰማዩ ደመና ከኾነ ምንም ሳያይ ይመለሳል። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ማንም ሳይገባ በካሜራ ለዓለም ኹሉ ታይቷል።

በዳውዝ በኩል ደግሞ በ18ኛው መቶ ዓመት አንድ ባለጠጋ ቤቱን የሠራበት ከፍ ያለ ስፍራ ሌላ ጥንታዊ መቃብር እንደ ነበረበት በ2018 ተገለጠ፤ የቤቱ ጌቶች ብዙ ትውልድ በሙታን ላይ ማዕድ ሲቈርሱ ኖረዋል ማለት ነው። በ2023 የአየርላንድ መንግሥት ይህን ቤትና በዙሪያው ያለውን ከ500 ኤከር የሚበልጥ ምድር ገዝቶ ብሔራዊ ፓርክ ለማድረግ ወሰነ። ከቤቱ አጠገብ ባለው በታላቁ ጉብታ ራስ ላይ ግን በ1847 የተዠመረው ጕድጓድ ሳይሞላ አለ፤ ሣር ስለ በቀለበት የማያውቅ ጐብኚ የጥንት ሰዎች ሥራ ይመስለዋል።